ክሎክና ዳታ አልገጥም ሲሉ፦ የቱን ዘዴ ልምረጥ?

ደሴ ላይ ደህና ሲሠራ የነበረ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ኮምቦልቻ ሲወርድ እንቢ አለ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሐረጎን ተጠማዞ መውረድ ነው፣ አለቀ።

ቦርዱ ጨርቅ ከሚመረምር ካሜራ ጋር የሚሠራ ነው። ጨርቁ በሮለር ላይ ሲያልፍ ካሜራው መስመር በመስመር እያነሳ ቀዳዳና የተበጠሰ ክር ይፈልጋል። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ስህተት ሳያሳይ ዋለ አደረ። ታች ወስደን ገጠምነው። ጠዋት ጥሩ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስዕሉ በነጭ ነጠብጣብ ተሞላ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ወላሂ የሆነ ነገር ነክተሃል!" አለኝ። አልነካሁም። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር፣ ያውም ከሳምንት በፊት የተሠራ ጥፋት፦ ዳታው (ካሜራው የሚልካቸው ዜሮና አንዶች፣ ቢቶች) ከክሎኩ (መቼ እንደሚነበቡ ከሚነግረው ምት) ጋር እንዲገጥም የዳታውን መዘግየት ስሞክር መጀመሪያ የሠራልኝን ቁጥር ጽፌ ብድግ አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ "ክሎኩና ዳታው አልተገናኙም፣ በምን ላስተካክል?" የሚለኝ ሰው ሲመጣ አጭር መልስ መስጠት ትቻለሁ። በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚደውሉልኝ ልጆች ይህንን ያውቃሉ። ረዥሙ መልስ ይኸው።

ድቤውና ጭብጨባው

መንዙማ የሚባልበት ትልቅ ዳስ አስቡ። ድቤው ፊት ነው፣ ጭብጨባው ከየአቅጣጫው ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ስለዚህ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ድቤውን የሚሰማው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው። ዜማው ዝግ ሲል ማንም አያስተውለውም። ድቤው ሲፈጥን ግን የኋለኞቹ ጭብጨባ ከምቱ ወጥቶ በሁለት ምት መካከል ይወድቃል። የኋለኞቹ አልሰነፉም። ርቀቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው።

ቦርድ ላይም ነገሩ ይኸው ነው። በተለመደው የፋይበርግላስ ቦርድ ላይ ሲግናል በአንድ ናኖሰከንድ የሚሄደው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 50 ሜጋቢት አንዷ ቢት 20 ናኖሰከንድ ስለምትቆይ 5 ሴንቲ ሜትር የርዝመት ልዩነት ምንም አይደለም። የኔ ካሜራ በሚሄድበት በ800 ሜጋቢት ግን ቢቷ 1.25 ናኖሰከንድ ብቻ ናት፣ ያችው 5 ሴንቲ ሜትር ከሩቧ በላይ ትበላለች። ዲዲአር3-1600 በሚባለው የኮምፒውተር ሜሞሪ ላይ አንዷ ቢት 625 ፒኮሰከንድ ናት። ዩኤስቢ 3.0 ላይ ደግሞ 200።

ዳታው ክሎኩ ከመምታቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መርጋት አለበት፣ ከመታ በኋላም ጥቂት መቆየት አለበት። የፊተኛው ሴትአፕ ታይም፣ የኋለኛው ሆልድ ታይም ይባላል። ከቢቷ ርዝመት ላይ ሁለቱን ቀንሱ፣ ክሎኩ ወዲያ ወዲህ የሚንቀጠቀጥበትን ጂተር ቀንሱ፣ የተረፈው ክፍት ቦታ መስኮቱ ነው። ካሊብሬሽን ማለት የክሎኩን ጠርዝ መስኮቱ መሃል ላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ዘዴዎች ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሠሩት፣ የሚለያዩት ማን፣ መቼ፣ ስንቴ ያስቀምጠዋል በሚለው ነው።

ከመምረጥ በፊት መስኮቱን መለካት

"ኦሲሎስኮፕ (የሲግናል መልክ የሚያሳይ መሣሪያ) የለኝም" ብሎ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው፣ ጥሩው ውድ ነው። ብዙዎቻችን ጋ ያለው የ50 ወይም የ100 ሜጋኸርዝ ነው። ሒሳቡን እንሥራ፦ 0.35ን ለባንድዊድዙ፣ ማለትም መሣሪያው ላይ ለተጻፈው ሜጋኸርዝ፣ ስታካፍሉ መሣሪያው ሊያሳይ የሚችለው ፈጣኑ የጠርዝ መውጫ ጊዜ ይመጣል። ለ100 ሜጋኸርዝ 3.5 ናኖሰከንድ ነው። የኔ ቢት ጠቅላላ ዕድሜዋ 1.25 ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የማየው ዝግ ያለ ኩርባ የሲግናሉ መልክ ሳይሆን የመሣሪያው የራሱ መልክ ነው ማለት ነው። ርካሹ የ24 ሜጋኸርዝ ሎጂክ አናላይዘርማ ጭራሽ አይነሳ።

ደግነቱ ቺፑ ራሱ መለኪያ ነው። የምጠቀመው ኤፍፒጂኤ (የውስጥ ሰርኪዩቱን ራሳችን የምንወስንለት ቺፕ) አርቲክስ-7 ነው፣ የዛይሊንክስ 7 ሲሪስ። በየመግቢያ ፒኑ ላይ አይዲሌይ የሚባል የመዘግየት መስመር አለው፣ ከ0 እስከ 31 ባሉ 32 ደረጃዎች። 200 ሜጋኸርዝ የማመሳከሪያ ክሎክ ስትሰጡት አንዷ ደረጃ፣ ታፕ የምንላት፣ 78 ፒኮሰከንድ ያህል ትሆናለች። ካሜራው የታወቀ የሙከራ ዳታ እንዲልክ አድርጉ፣ ታፑን ከ0 ጀምሮ አንድ በአንድ ጨምሩ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስህተት ቁጠሩ፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያለፈበትና የወደቀበት ቦታ መስኮቱን ይሠራላችኋል። ለዚህ አንድ ብር አይወጣም።

የኔ ካሜራ አራት የዳታ መስመር አለው። ደሴ ላይ ስለካው አንደኛውና ሦስተኛው ከ5 እስከ 15 አለፉ፣ ሁለተኛው ከ6 እስከ 16፣ አራተኛው ከ8 እስከ 18። እያንዳንዱ 11 ታፕ ስፋት አለው፣ 860 ፒኮሰከንድ ገደማ። ከ1.25 ናኖሰከንድ ላይ ይህን ያህል መትረፉ ጥሩ ነው። አራተኛው ብዙ መዘግየት የፈለገው ዳታው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። አገናኝ ቦርዱን ስሠራ ሌሎቹ መስመሮች ዙሪያውን ሲሄዱ እሱን በአቋራጭ ወስጄዋለሁ። ሦስት ታፕ ማለት 234 ፒኮሰከንድ፣ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል። በማስመሪያ ስለካው እውነትም ያን ያህል ያጥራል። እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል።

ስትለኩ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ 0101 እያለ የሚደጋገም ዳታ ብቻ መጠቀም ነው። እሱ በጣም የዋህ ነው። ብዙ ዜሮ ተከታትሎ መጥቶ አንዲት አንድ ብቅ ስትል ነው መስመሩ የሚፈተነው፣ አጠገብ ያሉት መስመሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገለበጡ ነው ጣልቃ ገብነቱ የሚታየው። የዘፈቀደ የሚመስለውን፣ በየ127 ቢቱ የሚደገመውን ፒአርቢኤስ-7 ወይም ከዚያ የረዘመውን ተጠቀሙ። ሁለተኛው ወጥመድ፣ አንዱን የመስኮት ጠርዝ ብቻ አይቶ መሃሉን ማስላት ነው። ከ0 እስከ 6 አልፎ ከ7 ጀምሮ ከወደቀ መሃሉ 3 ነው አትበሉ። መስኮቱ ከ0 በታች የቀጠለ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ አላያችሁትም እንጂ። ክሎኩን ገልብጡት ወይም በ90 ዲግሪ አዙሩትና ሁለቱም ጠርዝ እስኪታይ ድረስ እንደገና ለኩ።

ለስንት ጊዜ መቁጠር እንዳለባችሁም ሒሳብ አለው። ስህተቱ ከአንድ ትሪሊዮን ቢት (1 ከ12 ዜሮ ጋር) አንድ በታች ነው ብላችሁ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር 3 ትሪሊዮን ቢት ያለ አንድ ስህተት ማለፍ አለበት። በ800 ሜጋቢት ይህ 3,750 ሰከንድ ነው፣ አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ተኩል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታችሁ ስትነሱ ያልቃል። ይህን በየታፑ አትሠሩትም፣ በመረጣችሁት ቁጥር ላይ ብቻ ነው።

ትራክ ማስረዘም

የመጀመሪያው ዘዴ ሁሉንም ከድቤው እኩል ርቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። አጭሩን ትራክ፣ ቦርዱ ላይ ያለውን የመዳብ መስመር፣ እንደ እባብ እያጠማዘዛችሁ ከረዥሙ ጋር ታስተካክሉታላችሁ። ሶፍትዌር የለውም፣ ሬጂስተር (ቺፕ ውስጥ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ) የለውም፣ ኃይል አይበላም። በመስመሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ ይህን የሚተካ ነገር የለም፣ እኔም አራተኛውን መስመር ያኔ እንዲህ ብሠራው ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ክሎኩን በትልቁ ለማዘግየት ግን መጥፎ ምርጫ ነው። 2 ናኖሰከንድ ማዘግየት ከፈለጋችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ትራክ ያስፈልጋል። ከግማሽ ክንድ በላይ የተጠማዘዘ መዳብ ነው ይህ! ቦታ ይበላል፣ ጥምዝምዙ ተቀራርቦ ከተሠራ ሲግናሉ ከአንዱ እጥፋት ወደ ሌላው እየዘለለ የታሰበውን ያህል አይዘገይም፣ ተሳስታችሁ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ታትሞ መጥቷል። ቦርድ አሳትሞ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

አንድ ቁጥር ጽፎ መተው

ሁለተኛው ዘዴ ቺፑ ውስጥ ያለውን መዘግየት በሬጂስተር ወይም በፒን አንዴ መወሰን ነው። የጊጋቢት ኢተርኔት ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ባያውቀውም አሠቃይቶታል።

ፕሮሰሰሩንና ፋዩን (ኬብሉን የሚያናግረውን ቺፕ) በሚያገናኘው፣ አርጂኤምአይአይ በሚባለው ግንኙነት ክሎኩ 125 ሜጋኸርዝ ነው፣ ዳታው በሁለቱም ጠርዝ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቢቷ 4 ናኖሰከንድ ናት። ክሎኩ ከዳታው ከ1.5 እስከ 2 ናኖሰከንድ ያህል ዘግይቶ መድረስ አለበት። መጀመሪያ ላይ ይህ ከቦርዱ ትራክ ይጠበቅ ነበር፣ ሁለተኛው ቨርዥን ቺፑ ውስጥ እንዲሆን ፈቀደ። መከራው የሚመጣው ማን እንደሚያዘገይ ሳይስማሙ ነው። ፕሮሰሰሩም ፋይ ቺፑም ሁለቱም 2 ናኖሰከንድ ከጨመሩ 4 ይሆናል፣ ክሎኩ ቀጥታ የሚቀጥለው ቢት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ከተዉት ደግሞ ዜሮ ነው። በሁለቱም ጊዜ ምልክቱ አንድ ነው፦ የኬብሉ መብራት ይበራል፣ ሊንኩ 1000 ይላል፣ ፒንግ ግን አይመለስም። ፍጥነቱን በግድ ወደ 100 አውርዱት። ያኔ ክሎኩ 25 ሜጋኸርዝ ስለሚሆን ጊዜው ይሰፋል። በ100 ሠርቶ በ1000 እንቢ ካለ ኬብሉን መቀየር ትታችሁ መዘግየቱን ፈልጉ።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ዲቫይስ ትሪው (ቦርዱ ላይ ምን እንዳለ ለሊኑክስ የሚነግረው ፋይል) ውስጥ ያለችው አንዲት ቃል ናት የምትወስነው። አርጂኤምአይአይ ብቻ ካላችሁ "ቦርዱ ላይ በትራክ ተሠርቷል" ማለታችሁ ነው። አይዲ የሚለውን ከኋላዋ ከጨመራችሁ ቺፕ ውስጥ ይጨመር ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜም የሚጨምረው ፋዩ ነው። እንደ ኬኤስዜድ9031 ያሉ ፋዮች በ60 ፒኮሰከንድ እርምጃ በየፒኑ ማስተካከል ይፈቅዳሉ። ቢሆንም 4 ናኖሰከንድ ቢት ላይ ያን ያህል መጠበብ አያስፈልግም።

ይህ ዘዴ መስኮቱ ሰፊ ሲሆን ፍጹም ነው። ቀላል ነው፣ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፣ ሲበላሽ ለማግኘት አይከብድም። ለኢተርኔት ከዚህ ውጪ የሚፈልግ ሰው ሥራ ፈት ነው። መስኮቱ ሲጠብ ነው የሚከዳው። የቺፕ ውስጥ መዘግየት በሙቀት ይቀየራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲሞቅ ይዘገያል፣ ቮልቴጁ ዝቅ ሲልም ይዘገያል፣ ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው ወንድሙም ይለያያል። ቋሚ ቁጥር ይህን ሁሉ አያውቅም።

የኔ ጥፋት እዚህ ጋ ነው። ከ8 እስከ 15 አራቱም መስመር የሚያልፍበት የጋራ መስኮት ነበር። እኔ 8ን ጻፍኩ፣ መጀመሪያ የሠራው እሱ ነዋ። 8 ለአራተኛው መስመር የመስኮቱ ጫፍ ናት። ኮምቦልቻ ላይ ሲሞቅ ኤፍፒጂኤው ውስጥ ያለው የክሎክ መንገድ ዘገየ፣ መስኮቱ በሁለት ታፕ ወደ ላይ ሄደ፣ አራተኛው ከ10 እስከ 20 ሆነ። 8 ውጪ ቀረች። 12 ብጽፍ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።

በቅንፍ ልጨምር፦ ታፖቹ ራሳቸው በማመሳከሪያው ክሎክ ስለሚስተካከሉ ስፋታቸው አይዋዥቅም ማለት ይቻላል። የሚዋዥቀው ከነሱ ውጪ ያለው የመንገዱ ቀሪ ነው። "አይዲሌይ ካሊብሬት ይደረጋል እኮ፣ ምን አስጨነቀህ?" የሚሉኝ ይህን ይረሳሉ።

ሌላም ነገር፣ ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ነው አልልም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ብንል ልዩነቱ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። 4 ዲግሪ ይህን አይሠራም። የሠራው የታሸገው የብረት ሳጥን፣ ከጎኑ ያለው ሞተርና ከላይ ያለው ቆርቆሮ ነው።

ፌዙን ማዞር ወይስ በየመስመሩ መቀመር

ብዙ ክርክር የምሰማው እዚህ ነው። አንዱ ወገን የክሎኩን ፌዝ፣ ማለትም የሚመታበትን ቅጽበት፣ በፒኤልኤል (ክሎክ በሚያመነጨው ሰርኪዩት) አዙር ይላል። አርቲክስ ላይ ያለው ኤምኤምሲኤም የሚባል የፒኤልኤል ዓይነት በውስጡ ካለው የኦሲሌተር ፔሬድ አንድ 56ኛ ያህል እያለ ፌዝ ማዞር ይችላል። ኦሲሌተሩ 1,000 ሜጋኸርዝ ከሆነ እርምጃው 18 ፒኮሰከንድ ያህል ነው። ከ78ቱ ታፕ በአራት እጥፍ ይረቅቃል፣ እየሠራም መቀየር ይቻላል። ሌላው ወገን ደግሞ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ታፕ ይኑረው ይላል።

ረቂቅነቱ አያታልላችሁ። ክሎክ ማዞር ድቤውን ትንሽ ዘግይቶ መምታት ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው የሚዘገየው። በመስመሮች መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ይቀራል፣ ስለዚህ የሚኖራችሁ የጋራው መስኮት ብቻ ነው። የኔን ቁጥር እዩት፦ የጋራው 8 ታፕ ነው፣ 624 ፒኮሰከንድ፤ በየመስመሩ ብንቀምረው ለእያንዳንዱ 11 ታፕ አለው፣ 860። ክሎኩን በ18 ፒኮሰከንድ እርምጃ በማዞር 236 ፒኮሰከንድ ስፋት መመለስ አይቻልም። መስመሮቹ በደንብ እኩል ከሆኑ ግን ፌዝ ማዞር ይቀላል፣ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምትይዙት፣ በየፒኑ መዘግየት የሌላቸው ርካሽ ቺፖች ላይም ይሠራል። እኔ የምለው፣ መስመሮቻችሁ በመስኮቱ አንድ አሥረኛ ውስጥ ከሆኑ ፌዝ አዙሩ። ካልሆኑ በየመስመሩ ቀምሩ። ሁለቱን አብሮ መጠቀምም አለ፦ በፌዙ መስኮቱን ወደ ታፖቹ መሃል ታመጡታላችሁ፣ በታፑ ደግሞ እያንዳንዱን ታስተካክላላችሁ።

ፒኤልኤል ወይስ ዲኤልኤል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሳል። ዲኤልኤል የራሱ ኦሲሌተር የለውም፣ የመጣለትን ክሎክ በመዘግየት መስመር ውስጥ ያሳልፋል፤ የራሱን ጂተር አያጠራቅምም፣ የመጣበትን ቆሻሻ ግን እንዳለ ያስተላልፋል። ፒኤልኤል የሚመጣውን ጂተር ያጣራል፣ ድግግሞሹን ያባዛል፣ በምትኩ የኦሲሌተሩ ስህተት ከዙር ወደ ዙር ይጠራቀማል። የሚመጣው ክሎክ በረዥም ኬብል ከሩቅ ከሆነ ፒኤልኤል፣ አጠገባችሁ ካለ ንጹህ ክሪስታል ከሆነ ዲኤልኤል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቺፑ ያለውን ነው የምትጠቀሙት፣ ምርጫ መስሎን ነው የምንከራከረው። ይልቅ የፒኤልኤሉን የኃይል ፒን በፌራይትና በካፓሲተር አጥሩለት። ከርካሽ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ጩኸት ቀጥታ ጂተር ሆኖ ነው መስኮቱን የሚያጠብበው።

ራሱ እንዲማር መተው

እስካሁን የለካነውን ሁሉ ሰርኪዩቱ ራሱ በተነሳ ቁጥር ቢለካስ? ይኸው ነው ትሬኒንግ የሚባለው። እናንተ ሳታውቁት ስልካችሁ ውስጥ በየቀኑ ይሠራል። ፈጣን ኤስዲ ካርድ በ208 ሜጋኸርዝ ሁነታ ከመጀመሩ በፊት ኮማንድ 19 ይላካል፣ ካርዱ የታወቀ 64 ባይት ይመልሳል፣ አንባቢው እስከ 40 ጊዜ እየደጋገመ የት ላይ በትክክል እንደሚያነብ ይፈልጋል። በ50 ሜጋኸርዝ ይህ ሁሉ የለም፣ አያስፈልገውማ። ዲዲአር3 ሜሞሪም እንዲሁ ነው። ክሎኩ ቺፖቹን በአንድ መስመር ተራ በተራ ስለሚደርስባቸው ለእያንዳንዱ የሚመጣበት ጊዜ ይለያያል፣ ስለዚህ ኮንትሮለሩ ሲነሳ ራይት ሌቭሊንግ በሚባል ሥርዓት ለየቺፑ የራሱን መዘግየት ያገኛል። ሜሞሪ ላይ ይህን በእጅ ልሥራ የሚል ሰው ካገኛችሁ አስቀምጡትና ቡና ስጡት።

ለራሳችሁ ሰርኪዩት ስትሠሩት ሥራ አለው። ሌላኛው ወገን የታወቀ ዳታ መላክ መቻል አለበት፣ የሚፈልገውን ሎጂክ መጻፍ አለባችሁ፣ ሲነሳ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ቢቱን ካስተካከላችሁ በኋላም ቃሉ (አብረው የሚነበቡት ቢቶች ስብስብ) ከየት እንደሚጀምር ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን አታምታቱ፤ ንጹህ ሆኖ ግን ሁለት ቢት የተንሸራተተ ዳታ እያዩ ታፕ መቀየር የሦስት ቀን ዕድሜ ይበላል፣ እኔ አይቼዋለሁ። ጥቅሙ ደግሞ ግልጽ ነው። ሃያ ቦርድ ብትሠሩ ሃያውን እየዞራችሁ አትለኩም፣ ቺፑ ቢለያይም ኬብሉ ቢቀየርም ራሱ ያገኘዋል።

ደካማ ጎኑ ሲነሳ ብቻ መማሩ ነው። ጠዋት በብርድ የተነሳ መሣሪያ የጠዋቱን ቁጥር ይዞ ነው ቀትር ላይ የሚሠራው። መስኮቱ ከመዋዠቁ በብዙ ከሰፋ አያሳስብም። ካልሰፋ እየሠራም መከታተል አለበት። አንዱ መንገድ የምትመጣውን መስመር ቺፑ ውስጥ ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛው ዳታውን ሲያነብ ሁለተኛው በግማሽ ቢት ተለይቶ ጠርዙን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው፣ ጠርዙ ሲንሸራተት ሁለቱም አብረው ይከተሉታል። ቆንጆ ነው፣ ግን ሎጂኩ ይበዛል። ቀለል ያለው መንገድ ሥራ በሌለበት ክፍተት እንደገና መለካት ነው። ካሜራ ላይ ይህ ተፈጥሯዊ ነው፣ ብዙ የምስል ሴንሰሮች በመስመርና በመስመር መካከል ባለው ክፍተት የሙከራ ቃል ይልካሉ። ታፕ ሲቀየር ዳታው ለቅጽበት ሊረበሽ ስለሚችል የመቀየሪያውም ጊዜ ያው ክፍተት ነው። ኤስዲ ካርድ ላይ ሊኑክስ የስህተት ምልክት ሲያይ እንደገና ያስተካክላል። ኤልፒዲዲአር4 ደግሞ ሜሞሪው ውስጥ ትንሽ ኦሲሌተር ስላለ ኮንትሮለሩ እሱን አንብቦ ምን ያህል እንደተንሸራተተ ያውቃል።

ክሎኩን ጭራሽ ማስቀረት

የመጨረሻው ዘዴ ድቤውን ማስወጣትና ምቱን ከዜማው ራሱ መስማት ነው። ሲዲአር ይባላል፣ ተቀባዩ ከዳታው መገለባበጥ ክሎኩን ያወጣል። ዩኤስቢ 3.0፣ ሳታ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ እንዲህ ነው የሚሠሩት። በክሎክና በዳታ መካከል ልዩነት የለም፣ ምክንያቱም አንድ ሽቦ ናቸው። ታዲያ ነፃ አይደለም። ዳታው በበቂ መገለባበጥ አለበት፣ ለዚህ 8 ቢቱን በ10 ቢት የሚልከው 8ቢ/10ቢ ኮድ 20 በመቶውን ይወስዳል፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሦስተኛው ትውልድ 128ቢ/130ቢ በመጠቀም ኪሳራውን ወደ 1.5 በመቶ አውርዶታል። ለዚህ የሚሆን ላኪና ተቀባይ (ትራንሲቨር) ያለው ቺፕ ይወደዳል፣ ንጹህ ማመሳከሪያ ክሎክ ይፈልጋል። ከጥቂት ጊጋቢት በላይ በአንድ መስመር የምትሄዱ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ምርጫ የለም። ከዚያ በታች ሆናችሁ "ዘመናዊ ስለሆነ" ብላችሁ አትግቡበት።

ታዲያ የቱ?

የምጠይቀው ሁለት ቁጥር ነው፦ መስኮቱ ስንት ነው፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስንት ይሄዳል? ሁለተኛውን ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ደሴ ከሆናችሁ ጠዋት በቤቱ መስኮት በኩል የጦሳ ተራራን ብርድ አስገቡበት፣ እሱ በነፃ ነው። ሙቀቱን በፀጉር ማድረቂያ ስጡት፣ ግን በአንድ ቦታ ላይ አታቁሙት፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ሁለቴ ለኩ። የሄደው ከመስኮቱ ሩብ በታች ከሆነ መሃሉን በየመስመሩ ጽፋችሁ ተዉት፣ ሌላ አትጨምሩ። ሩቡን ከነካ ሲነሳ ይማር። ወደ ግማሹ ከቀረበ እየሠራ ይከታተል፣ ወይም ቦርዱን እንደገና ሥሩት፣ እኔ የኋለኛውን እመርጣለሁ። አንድ ቦርድ ብቻ ለመመረቂያ የምታሳዩ ከሆነና ቀኑ ከደረሰ ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ አውርዱት። ማንም አይጠይቃችሁም፣ መስኮቱ ከእጥፍ በላይ ይሰፋል።

እኔ በዚህ ሒሳብ ቋሚ ቁጥር ይበቃኝ ነበር። ከ11 ታፕ የሄደው 2 ነው፣ ከሩብ በታች። ሆኖም በንዴት ይሁን በእልህ በየክፍተቱ እንደገና የሚለካውን ጻፍኩት፣ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። አሁን ሳጥኑ የአራተኛውን መስመር ታፕ በየሰዓቱ ይመዘግባል። ጠዋት 13 ይላል፣ ቀትር ላይ 15፣ ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ 13።